ልጆቿን በአፏ የምታሳድግ ዓሣ፦ ስለ ቆሮሶ አፈጣጠርና አስተዳደግ

ከድሬዳዋ ሆኖ ስለ ዓሣ መጻፍ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ደቻቱ ከጎርፍ ቀናት በቀር አሸዋው ብቻ የሚታይ ወንዝ ነው፤ ለከተማችን ቅርብ የሚባለው ሐይቅም ደንገጎን ወጥቶ የሚገኘው ሐረማያ ሲሆን፣ እሱም ለብዙ ዓመታት ደርቆ ቆይቶ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው መልሶ ውሃ የያዘው። ይሁን እንጂ በግቢያቸው የሲሚንቶ ገንዳ ሠርተው ቆሮሶ የሚያረቡ የማውቃቸው ሰዎች እዚህ ድሬዳዋም፣ ላይ በሐረማያና በሐረር ዙሪያም አሉ። የባዮሎጂ መምህር በመሆኔ ጥያቄ ሲገጥማቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መኖ ዋጋና ስለ ገንዳ ስፋት ነው፤ ስለ ዓሣው ራሱ፣ ማለትም የት እንደሚፈለፈል፣ በምን እንደሚያድግ፣ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው መቼና በምን ምክንያት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። እኔ ግን የመኖውም የገንዳውም ጥያቄ መልሱ እዚያ ውስጥ ነው ብዬ ስለማምን፣ ይህን ጽሑፍ ስለ ዓሣው ተፈጥሮ ብቻ አድርጌዋለሁ።

ቆሮሶ ስል በሳይንሳዊ ስሙ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ የሚባለውን፣ በዓለም ገበያ የናይል ቲላፒያ ተብሎ የሚታወቀውን ዓሣ ማለቴ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 በሳይንስ መዝገብ ያስገባው ይህ ዓሣ በአገራችን በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በጫሞ፣ እንዲሁም በአዋሽ ወንዝ ሰው ሳያመጣው የኖረ ነባር ነው። ቤተሰቡ ሲክሊድ ይባላል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን ያፈራው ቤተሰብ ይኸው ነው። የቤተሰቡን ምልክት ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከገበያ በበረዶ ላይ ተቀምጦ የተገዛ ቆሮሶ ከመጽዳቱ በፊት ፊቱን አስተውላችሁ ብታዩ፣ በአፍንጫው በግራና በቀኝ አንድ አንድ ቀዳዳ ብቻ ታገኛላችሁ፤ ሌሎች አብዛኞቹ ዓሦች በየጎኑ ሁለት ሁለት አላቸው። በጎኑ ላይ ከራስ ወደ ጭራ የሚሄደው የስሜት መስመርም መሐል ላይ ተቋርጦ ዝቅ ብሎ እንደገና ይጀምራል። ቆሮሶን ከቅርብ ዘመዶቹ የሚለየው ደግሞ ጭራው ነው፤ የጭራው ክንፍ ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን ቀጥ ያሉ መስመሮች የተሸለመ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ ግን ከውጭ የማይታየው ነው። ለተማሪዎቼ ለማሳየት የአንዱን ትልቅ ቆሮሶ ስንጥብ በመቀስ ቆርጬ ካነሣሁ በኋላ፣ ጉሮሮው ወለል ላይ ጣት ሲያርፍበት እንደ ሞረድ የሚሻክር ሦስት ማዕዘን አጥንት አገኘን። ይህ አጥንት መንጋጋ ነው። ሲክሊዶች ከፊት ካለው አፋቸው ሌላ በጉሮሯቸው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ አላቸው፤ የታችኛው ክፍል አንድ ወጥ ሆኖ የተጋጠመ ሲሆን፣ በላዩ ላይ የተደረደሩት ደቃቅ ጥርሶች ከላይ ካሉት ሁለት አጥንቶች ጋር እየተፋጩ ምግብን ያደቅቃሉ። የማኘኩ ሥራ ወደ ጉሮሮ ስለተዛወረ የፊቱ አፍ ለሌላ ተግባር ነፃ ወጥቷል። ይህ ነፃነት ለቆሮሶ ምን እንደጠቀመው ወደ እናቲቱ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አመጋገቡ ራሱን የቻለ ርዕስ ቢሆንም አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ትንንሾቹ ቆሮሶዎች በዓይን በማይታዩ የውሃ ነፍሳት ይጀምራሉ፤ እያደጉ ሲሄዱ ግን ዋናው ምግባቸው ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ይሆናል። ከአልጌዎቹ መካከል ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባሉት የሕዋስ ግድግዳቸው ጠንካራ በመሆኑ ለአብዛኛው እንስሳ በቀላሉ አይፈጩም። የቆሮሶ ጨጓራ ይህን የሚያሸንፈው በአሲድ ነው፤ በኡጋንዳው ጆርጅ ሐይቅ በተደረገ ጥናት የጨጓራው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) እስከ 1.4 ድረስ እንደሚወርድ ተለክቷል። አሲዱ ሌሊት ዓሣው በማይመገብበት ጊዜ ዝቅ ይልና ከንጋት ጀምሮ መብላት ሲጀምር እየበረታ ይሄዳል፤ ስለዚህ የጠዋቱ ጉርሻ ሳይፈጭ ሊያልፍ ይችላል፣ የቀትሩ ግን በደንብ ይሟሟል። ከጨጓራው ቀጥሎ የሚመጣው አንጀትም ከሰውነቱ ርዝመት ብዙ እጥፍ የሚረዝም፣ የተጠቀለለ ቀጭን ቧንቧ ነው። የገንዳቸው ውሃ አረንጓዴ ሆነ ብለው ተሯሩጠው የሚቀይሩ ሰዎች፣ ዓሣው ሊመገበው የሚችለውን ነገር እየደፉ እንደሆነ ቢያውቁ መልካም ነው። እርግጥ አልጌው ከልክ ሲያልፍ ሌሊት ኦክስጅን ስለሚጨርስ ዓሦቹ ንጋት ላይ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲንጠራሩ ይታያሉ፤ ያኔ ውሃውን ማደስ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለመራባት የደረሰ ወንድ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ አሸዋማ ወይም ጭቃማ ወለል መርጦ በአፉ አፈር እያነሣ ወደ ዳር እየተፋ ክብ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱን ከሌሎች ወንዶች ይከላከላል፤ በዚህ ወቅት ጉንጩ፣ ሆዱና ክንፎቹ ቀላ ይላሉ። ሴቷ ወደ ጉድጓዱ ስትመጣ ዙሪያዋን ይሽከረከራል፤ ፈቃደኛ ከሆነች ጥቂት ጥቂት እንቁላል ትጥላለች፣ እሱም በላዩ ላይ ዘሩን ያፈሳል፣ እሷም ወዲያው ዞራ እንቁላሎቹን በአፏ ታነሣለች። ይህ እየተደጋገመ እንቁላሏን እስክትጨርስ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ወንዱ ድርሻው አብቅቷል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ሌላ ሴት ይጠብቃል። እናቲቱ ግን አፏን ሞልታ ጸጥ ወዳለ ሥፍራ ትሄዳለች።

እንቁላሎቹ ወርቃማ ቢጫ፣ ሞላላ፣ ርዝመታቸው ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚደርስ ነው። ለዓሣ እንቁላል ይህ ትልቅ ነው። ቁጥራቸው ደግሞ ትንሽ ነው፤ እንደ እናቲቱ ግዝፈት ከመቶ እስከ ሁለት ሺህ ገደማ ይሆናል። አምባዛ በአንድ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ እንቁላል ዘርታ እንደምትሄድ ስናስብ፣ ሁለቱ እናቶች ያላቸውን ሀብት እንዴት በተለያየ መንገድ እንደመደቡት እንረዳለን። ሰዎች ቆሮሶ በገንዳ ውስጥ በፍጥነት ሲበዛ ሲያዩ ብዙ የሚወልድ ዓሣ ነው ይላሉ፤ እውነቱ ጥቂት ወልዶ አብዛኛውን ለማዕረግ የሚያበቃ ዓሣ መሆኑ ነው። የበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አፍ ውስጥ የሚሆነውን በቀናት ልከተለው። ውሃው 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ከሆነ፣ እንቁላሉ ከዘሩ ጋር ከተገናኘ ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በአስኳሉ አናት ላይ የተቀመጠችው ትንሽ የሕይወት ነጥብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለት ትከፈላለች። አስኳሉ ራሱ አይከፈልም፤ ከላይ ያሉት ሕዋሳት እየበዙ እንደ ስስ ቆብ ወደ ታች እየሸፈኑት ይወርዳሉ። በሁለተኛው ቀን የጀርባው መስመርና የራሱ ቅርጽ ይለያል፣ የዓይን ምልክት ይወጣል፣ ልብም መምታት ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ዓይኖቹ ጥቁር ቀለም ይይዛሉ፤ በዚህ ቀን የተነሣ እንቁላል በባዶ ዓይን ሲታይ በቢጫው ላይ ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች ይታያሉ። በአራተኛው ቀን ገደማ ይፈለፈላል።

የተፈለፈለው ፍጥረት ግን ገና ዓሣ ለመባል ብዙ ይቀረዋል። ከራሱ የሚበልጥ የአስኳል ከረጢት ተሸክሞ ጭራውን ብቻ ያርገበግባል፤ አፉ አልተከፈተም፣ መዋኘት አይችልም። በቀጣዮቹ ቀናት መንጋጋው ይሠራል፣ አፉ ይከፈታል፣ የስንጥብ ክዳኑ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ የአየር ከረጢቱም ይሞላና ከታች ከመተኛት ወደ መንሳፈፍ ይሸጋገራል። እንቁላሉ ዘር ካገኘበት ጊዜ አንሥቶ አሥር ቀን ገደማ ሲሆነው አስኳሉ ሊያልቅ ተቃርቦ ጫጩቱ ራሱን ችሎ ይዋኛል፤ እናቲቱም ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ ትለቃቸዋለች።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቲቱ ከሞላ ጎደል ጾመኛ ናት። ከቅርብ ያየሁትን ልግለጽ። ባለፈው የበጋ ወቅት በገንዳዬ ጥግ አንዲት ሴት ቆሮሶ መኖ ሲበተን ሳትወጣ ቀረች። በእጅ መረብ ቀስ ብዬ አውጥቼ፣ ውሃ በሞላው ሳፋ ውስጥ ከውሃው ሳላወጣት ያዝኳት። ከአገጯ ሥር ያለው ቆዳ ተወጥሮ ወደ ታች ተነፍቶ ነበር። የታችኛውን ከንፈሯን በትንሹ ስስበው፣ ምላሷ ላይ የተከመሩት እንቁላሎች ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ሲገለባበጡ አየሁ፤ እሷ እያኘከች የምትመስል እንቅስቃሴ በየጥቂት ሰከንዱ ታደርጋለች፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴም ከታች ያለውን ወደ ላይ ያመጣዋል። ይህ መገለባበጥ ለእንቁላሉ ኦክስጅን ያደርሳል፣ ቆሻሻና ሻጋታም እንዳይቀመጥበት ያደርጋል። እናቲቱን ያጣ እንቁላል በገንዳ ወለል ላይ ቢቀር በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጭ ፀጉር የመሰለ ሻጋታ ይወርሰዋል። በዓሣ ማስፈልፈያ ጣቢያዎች እንቁላሉን ከእናቲቱ አፍ አውጥተው በታችኛው ጫፋቸው ክብ በሆኑ ማሰሮ መሰል ዕቃዎች ውስጥ ውሃ ከሥር እየለቀቁ ቀስ ብሎ እንዲንከባለል የሚያደርጉትም የእሷን ሥራ ለመተካት ነው። የጉሮሮው መንጋጋ የፊቱን አፍ ነፃ አወጣው ያልኩት እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል፤ ይህ አፍ ጉድጓድ መቆፈሪያም፣ ማሕፀን መሰል መጠለያም ሆኗል።

ጫጩቶቹ ከተለቀቁ በኋላ ያለው ጊዜ ለብዙ ሰው ግራ የሚያጋባው ነው። በአጥር የሚዋሰኑን እማማ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገንዳው አጠገብ ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይቺ ዓሣህ ልጆቿን እየዋጠች ነው፤ ቶሎ ለይልኝ እንጂ!» ብለው ጮኹ። ሮጬ ስወጣ እናቲቱ ወደ ጥግ ተጠግታ ራሷን ዝቅ አድርጋ ቆማለች፤ በዙሪያዋ ከነበረው ደመና መሰል መንጋ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ጫጩቶች በአፏ ሲገቡ ደረስኩ። «እማማ፣ ጥላዎን አይታ ነው፤ ትንሽ ራቅ ብለን ብንቀመጥ መልሳ ትለቃቸዋለች» አልኳቸው። ወንበር አምጥቼላቸው አብረን ተቀመጥን፤ ብዙም ሳይቆይ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ ሁሉም ወጡ። «ጌታ ሆይ፣ ሥራህ!» አሉ እማማ፤ እስከ ማታም ከዚያ አልተነሡም። እናቲቱ አደጋ ስታይ ወይም ሲመሽ ጫጩቶቹን ወደ አፏ የምትሰበስብበት ይህ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ከዚያ መንጋው ወደ ጥልቀት አልባው ዳርቻ ይሄድና ከእናቱ ይለያል። የጥንት ግብፃውያን ይህን ዓሣ የዳግም ልደት ምልክት አድርገው በመቃብር ግድግዳ ላይ ሲሥሉት፣ ከአፏ ሕያዋን ሲወጡ አይተው ነበር ተብሎ ይታመናል።

ከዚህ በላይ ቀናትን ስቆጥር ውሃው 28 ዲግሪ ቢሆን ብዬ መነሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዓሣ የሰውነቱን ሙቀት ከውሃው የሚያገኝ ፍጡር በመሆኑ፣ የቆሮሶ የእድገት ሰዓት የሚቆጥረው በቴርሞሜትር ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋሉ። በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም የማያልፈው ያ ጠመዝማዛ የደንገጎ መንገድ ለቆሮሶ ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም የሚያሻግር ነው። ለዚህ ዓሣ የሚስማማው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ውሃ ነው፤ ከ20 ዲግሪ በታች መራባቱን ያቆማል ማለት ይቻላል፣ ከ16 ወይም 17 ሲወርድ መብላት ይተዋል፣ ከ12 በታች ደግሞ ለሞት ይቃረባል። ሐረማያ ያለ ባልንጀራዬ በታኅሣሥና በጥር ውርጭ ወራት ዓሦቹ ታመሙብኝ ብሎ ደውሎልኝ፣ ጠዋት ውሃውን እንዲለካ ስነግረው ከ16 በታች አገኘው። ዓሦቹ አልታመሙም ነበር፤ በርዷቸው ነው። በዚያ ወቅት የሚጣል መኖ ሁሉ ወለሉ ላይ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ጠዋት መመገቡን ትቶ ፀሐይ ውሃውን ካሞቀችው በኋላ ከሰዓት በትንሽ በትንሹ እንዲሰጥ ተስማማን። እኔ ጋ ግን በዚያው ወር ገንዳው ውስጥ እናቶች አፋቸውን ሞልተው ነበር።

ሐይቅ ውስጥም ቢሆን መራባቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። ተመራማሪው ደመቀ አድማሱ በሐዋሳ ሐይቅ ባደረጉት ጥናት፣ ቆሮሶ በተወሰነ መጠን ሁልጊዜ የሚራባ ቢሆንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጃንዋሪ እስከ ማርች እና ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። በምድር ወገብ አቅራቢያ ባለ አገር የሙቀቱ ልዩነት ትንሽ ስለሆነ፣ ዝናብ፣ የፀሐይ ብርሃንና የምግብ መብዛትም የየራሳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል።

ሙቀት ከዚህ የጠለቀ ሥልጣንም አለው፤ ጾታን ይነካል። ቆሮሶ 22 ጥንድ ክሮሞዞሞች አሉት፤ እንደ ሰው ሁሉ ሴቷ ኤክስ ኤክስ፣ ወንዱ ኤክስ ዋይ ነው። ነገር ግን በዘር የተጻፈው የመጨረሻ ቃል አይደለም። እንቁላሉ ዘር ካገኘ ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ቀን ጀምሮ ባሉት አሥር ቀናት ገደማ ጫጩቶቹ 36 ዲግሪ በሚጠጋ ውሃ ውስጥ ቢቆዩ፣ በክሮሞዞማቸው ሴት መሆን የነበረባቸው አንዳንዶቹ ወንድ ሆነው ያድጋሉ። ሙቀቱ የሴት ሆርሞን የሚያመርተውን ኤንዛይም ሥራ ስለሚያዳክም፣ ገና መንታ መንገድ ላይ ያለው የዘር ዕጢ ወደ ወንድነት ያዘነብላል። ይህ ጊዜ ምን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ጫጩቶቹ ከእናታቸው አፍ ወጥተው ፀሐይ ወደሚያሞቀው ዳርቻ የሚሰበሰቡበት ጊዜ ነው። የድሬዳዋ ሰው በግንቦትና በሰኔ ጥልቀት በሌለው የሲሚንቶ ገንዳ ጫጩት ሲያሳድግ፣ ሳያስበው የጾታውን ሚዛን እየነካ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አገራችን በሳይንሱ ውስጥ ያላት ሥፍራ ያኮራኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ይህ የሙቀት ተጽዕኖ በተፈጥሮ በሚኖሩ ዓሦች ላይ ይታይ እንደሆነ ለመመርመር የወሰዳቸው ቆሮሶዎች ከሦስት ቦታ ነበሩ፤ ውሃው ቀዝቀዝ ከሚለው ከቆቃ፣ በፍልውሃ ከሚሞቀው ከመተሐራ አካባቢ፣ እና ከጋናው ቮልታ ሐይቅ። ሦስቱም ለሙቀቱ ምላሽ ሰጡ፤ ምላሹ ግን ከአንዲት እናት ልጆች ወደ ሌላዋ ልጆች በእጅጉ ይለያይ ነበር። የአንዷ ልጆች በሙቀቱ በብዛት ወንድ ሲሆኑ የሌላዋ ብዙም አልተለወጡም። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በባቡር የሄደ ሁሉ በመተሐራ በኩል አልፏል፤ በዚያ አካባቢ ባሉ ሞቃት ውሃዎች ዘመናት የቆጠሩ ቆሮሶዎች እንደሚኖሩ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

የዓሣ ሊቋ ኤተልዊን ትሬዋቫስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ምደባ፣ በአዋሽ ተፋሰስ ሞቃትና አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ ባሕርይ ያላቸው) ምንጮች የሚኖረውን ቆሮሶ ፊሎአ የሚባል ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ አድርጋዋለች፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ቆሮሶ ካንሴላተስ ይባላል፤ የጣናው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ጣና ተብሎ ለብቻው ተለይቷል። እንግዲህ አንድ ቆሮሶ ብለን የምንጠራው ዓሣ በአገራችን ውስጥ ብቻ ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ ታሪክ ያላቸው ሕዝቦች አሉት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በፊሊፒንስ የተጀመረውና ጊፍት በሚል ስም የታወቀው የተሻሻለ የቲላፒያ ዘር ሲመሠረት፣ ከአፍሪካ የተወሰዱት የዱር ዓሦች ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል ነበሩ፤ የእኛዎቹ አልተካተቱም። ሙቀትና ጨዋማነትን የተላመዱት የአዋሽ ምንጮች ቆሮሶዎች በዘረ መላቸው የያዙት ነገር ገና በአግባቡ ያልተነካ ሀብት ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ወደ ገንዳችን ልመለስና ዓሣው አላድግ አለኝ ለሚለው የተለመደ አቤቱታ መልስ ልስጥ። በሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ ለመራባት የሚደርሰው ከሃያ ሴንቲ ሜትር አልፎ ሊሆን ይችላል፤ በጠባብና በተጨናነቀ ገንዳ ውስጥ ግን ገና የእጅ መዳፍ ሳያክል፣ በጥቂት ወራት ዕድሜው፣ ሠላሳና አርባ ግራም እየመዘነ መራባት ይጀምራል። ውሃው ሞቃት ከሆነ ሴቷ ከአንድ ወር ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እንደገና ትጥላለች። የምትበላው ሁሉ ወደ እንቁላል ይሄዳል፤ አፏን ሞልታ በምትቆይባቸው ቀናት ደግሞ አትበላም። ስለዚህ ሴቷ ከወንዱ ዘግይታ ታድጋለች፣ ልጆቿም ከወላጆቻቸው ጋር ለምግብ ይሻማሉ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ገንዳው በትንንሽ ዓሦች ይሞላል። ድሬዳዋ ሞቃት መሆኗ እድገትን እንደሚያፋጥን ሁሉ ይህንንም ያፋጥነዋል።

መፍትሔ ተብለው ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ወንዶቹን ብቻ ማሳደግ ነው። በብዙ አገሮች ጫጩቶቹ መመገብ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንታት ሜቲል ቴስቶስተሮን የተባለ የወንድ ሆርሞን የተቀላቀለበት መኖ ይሰጣቸዋል፤ አብዛኞቹም ወንድ ይሆናሉ። ለግቢ ገንዳ ግን ይህን አልመክርም። ሆርሞኑን የሚነካው ሰው ጥንቃቄና ሥልጠና ያስፈልገዋል፣ ከገንዳው የሚወጣው ውሃም የሚሄድበት መታሰብ አለበት። እኔ የምመርጠው ዓሣውን በእጅ መለየትን ነው፤ አድካሚ ቢሆንም ለአነስተኛ ገንዳ በቂ ነው። ሌላው፣ ቆሮሶዎቹ ካደጉ በኋላ ጥቂት አምባዛዎችን መጨመር ሲሆን፣ እነዚህ የሚፈለፈሉትን ጫጩቶች እየለቀሙ ቁጥሩን ይቆጣጠራሉ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም አጥብቄ እጠይቃለሁ። ገንዳ ሲሞላ ትርፉን ዓሣ ወስዶ በአቅራቢያ ባገኙት ውሃ መልቀቅ የተለመደ ነው፤ ለዓሣው ከማዘን የመጣ ነገርም ነው። የድሬዳዋ ወንዞች በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ሲሆኑ የሐረር በኩሎቹ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳሉ። ከሌላ ሐይቅ ወይም ከውጭ በመጣ የተሻሻለ ዘር የተገኘ ቆሮሶ ከነባሮቹ ጋር ያለችግር ይዳቀላል፤ አንዴ ከተቀላቀለ ደግሞ መልሶ መለየት አይቻልም። ትርፍ ዓሣ ለጎረቤት ይሰጥ፣ ይበላ፣ ለዶሮ መኖ ይሁን፤ ወደ ወንዝ ግን አይግባ። ጫጩት ስትገዙም ሻጩን የእናት ዓሦቹ ምንጭ የት እንደሆነ ጠይቁና በደብተር ላይ ጻፉት።

ይህን ካልኩ ዘንድ፣ ገንዳ ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የአንዲት እናት ልጆች ከአፏ በወጡ ሰሞን ለብቻ ብትለዩአቸው፣ በየቀኑ ከቀትር በኋላ የውሃውን ሙቀት ብትመዘግቡ፣ ሃያ ሠላሳ ግራም ሲደርሱም ጾታቸውን ብትቆጥሩ፣ የድሬዳዋውን ከሐረማያው ጋር ማነጻጸር እንችላለን። አቆጣጠሩ ከባድ አይደለም። ዓሣውን በእርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ በጀርባው አስተኙትና ከሆዱ በስተኋላ፣ ከታችኛው ክንፍ ፊት ያለውን ትንሽ ጉብታ ተመልከቱ። ወንዱ ሁለት ቀዳዳ ብቻ አለው፤ አንዱ የሰገራ፣ ሌላው ሽንትም ዘርም የሚወጣበት። ሴቷ ሦስት አላት፤ በሰገራውና በሽንቱ መካከል እንቁላሉ የሚወጣበት አግድም ስንጥቅ ይታያል። ስንጥቁ ካልታያችሁ በጥጥ ጫፍ ትንሽ ሰማያዊ ቀለም ብታስነኩት ቀለሙ በስንጥቁ ውስጥ ይቀርና ይታያል። ቁጥሩን፣ የሙቀቱን መዝገብና እናቲቱ የመጣችበትን ቦታ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ፤ የእኔን ገንዳ መዝገብም የዚህ ወር ጫጩቶች ለመቆጠር ሲደርሱ እዚሁ አወጣዋለሁ።